ያልተነሣው ዘብ

አንድ ደምለው የሚባል ወታደር ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ምላሱ ረጅም።

በዚያ አገር ንጉሡ ለጦራቸው ያወጡት አንድ ጥብቅ ሕግ ነበር፦ ዘብን ከቆመበት የሚያነሣው ያቆመው ሰው ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢያነሣው አንሺውም ተነሺውም ይቀጣሉ። ቀልድ የለም።

ጦርነት መጣ። ፊታውራሪ አምባዬ የሚባሉ አዛዥ ስምንት መቶ ሰው ይዘው ከቀይ አፈር ድልድይ አጠገብ ሰፈሩ። ጠላት ከማዶ ነው። አንድ ቀን ማለዳ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣ ደምለውን ጠሩና ድልድዩ መሐል አቆሙት።

«መሣሪያ የያዘ ሰው እንዳያልፍ። እኔ ራሴ መጥቼ በቃህ እስክልህ ድረስ ንቅንቅ እንዳትል!» አሉት።

«እሺ ጌታዬ» አለ። ቆመ።

ጭጋጉ ሲገለጥ ዞር ብሎ ቢያይ ሰፈሩ ባዶ ነው። ድንኳን የለ፣ ፈረስ የለ፣ ሰው የለ። የቀረው ገና የሚጨስ ምድጃና የአንድ እግር ጫማ ብቻ ነበር። ስምንት መቶው ሰው እሱን እንደ ችካል ተክሎት ፈርጥጧል።

ሌላ ቢሆን ጫማውን አንሥቶ ይከተላቸው ነበር። ደምለው ግን ታዟል። የጠላት ሰላዮች ከማዶ ሆነው ሲያዩት «ሰው ብቻውን እንዲህ ደረቱን ነፍቶ አይቆምም፤ ከኋላው ጦር ቢኖር ነው» ተባባሉና ሳይሻገሩ ቀሩ። የአካባቢው ገበሬዎች ቆሎ እያቀበሉት ዐሥራ አንድ ቀን ቆመ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ የጨው ነጋዴ በዚያ ሲያልፍ «ኧረ ሰውዬ፣ እርቅ ወርዷል እኮ! ምን ትጠብቃለህ?» አለው።

ደምለውም አዛዡን ፈልጎ «በቃህ» ሊባል ወደ ከተማ ወጣ። ሲደርስ ጦሩ እየተሰናበተ ነው፤ አዛዡ ዘንድ የሚያቀርበው ሰው አጣ። ለእያንዳንዱ ሰው የስንብት ወረቀት ይታደላል። የስምንት መቶው ሁሉ ወረቀት «በጀግንነት ተዋግቶ በክብር ተሰናበተ» ይላል። የደምለው ብቻ ለየት ይላል፦ «ዘቡን ጥሎ ሸሸ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአገሩ ድግስ በተጠራ ቁጥር በሩ ሥር ያስቀምጡታል። «አያ ደምለው፣ እዚህ ይሻልሃል። ነገር ቢመጣ ለመሮጥ ይቀርብሃል!» ይሉታል። ሰው ይስቃል። እሱም ይስቅላቸዋል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም። ሰባት ዓመት እንዲህ ቻለው። በሰባተኛው ዓመት ግን የሴት ልጁ እጮኛ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ «የሸሺ ልጅ ለቤታችን አትሆንም» አለ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያን ጊዜ ደምለው ወረቀቱን በጨርቅ ጠቀለለና ወደ ከተማ ወጣ።

መዝገብ ቤት «ነገ ና» አሉት። ነገ መጣ። «ከነገ ወዲያ ና» አሉት። እሱም መጣ። መቼም ለመቆም እንግዳ አይደለም። በመጨረሻ ጸሐፊው ሰለቸውና አስገባው።

«ለምን ራስህን ታደክማለህ? ንጉሡ በበዓል ቀን ለከዱ ወታደሮች ምሕረት ያደርጋሉ። ስምህን ላስገባልህና በሰላም ግባ» አለው።

«ምሕረት ላጠፋ ሰው ነው ጌታው። እኔ እርማት ነው የምፈልገው።»

«ሰውዬ፣ መዝገብ አይዋሽም። ሠራዊቱ ሲቆጠር አንተ አልነበርክም።»

«ቆጠራው የት ነበር?»

ጸሐፊው ገለጥ አደረገ። «ላይኛው ከተማ።»

«ጦርነቱስ?»

«ቀይ አፈር ድልድይ።»

«በመካከሉ ስንት ቀን ያስኬዳል?»

«ሁለት ቀን…»

«ታዲያ የሄደው ማን ነው? የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ወይስ እዚያ የተቆጠሩት?»

ጸሐፊው መዝገቡን ቀስ ብሎ ዘጋው። ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ገብቶኛል። ግን ያንተን አንዲት መስመር ካረምኩ የስምንት መቶ ሰው መስመር ይናዳል። አዛዡ ራሳቸው ካልመሰከሩ እጄን አላስገባም።»

ወደ አዛዡ ደጅ ሄደ። ፊታውራሪ አምባዬ አሁን «የቀይ አፈር ጀግና» ተብለው፣ ካባ ለብሰው፣ የንጉሡ ቀኝ እጅ ሆነዋል። ደምለውን ከበረንዳቸው ላይ ሆነው አዩት፤ ለዘበኛቸውም «አላውቀውም፣ አባርረው» አሉ።

ደምለው አልለመነም። ከዘበኛው ጋርም አልተጣላም። ቀጥ ብሎ ቀይ አፈር ወረደና ድልድዩ መሐል፣ ድሮ የቆመባት ድንጋይ ላይ ቆመ። ጠመንጃ ስለሌለው በትሩን ትከሻው ላይ አደረገ። ገበሬው፣ አህያው፣ ገበያተኛው እንደ ልቡ ያልፋል፤ ትእዛዙ መሣሪያ የያዘን ብቻ ነው።

ከሳምንት በኋላ ንጉሡ ከነአጀባቸው መጡ። በድልድዩ ማዶ ለፊታውራሪው ድል የተሠራ ሐውልት ሊመርቁ ነው። ፊት ፊት የሚሄዱት ወታደሮች «ዞር በል!» አሉት።

«መሣሪያ የያዘ አያልፍም።»

«አብደሃል እንዴ? ንጉሥ ናቸው እኮ የሚመጡት!»

«ንጉሥ ይለፉ። ጠመንጃው ይቅር።»

ንጉሡ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው ሰሙ። «ማነህ አንተ?»

«ዘብ ነኝ ጃንሆይ። ፊታውራሪ አምባዬ ናቸው ያቆሙኝ። ራሴ መጥቼ በቃህ እስክልህ ብለውኝ ነበር። ሥራ በዝቶባቸው ነው መሰለኝ ሰባት ዓመት ቆዩ።»

ከአጀቡ መሐል አንዱ ሳቁ አመለጠው። ንጉሡ ግን አልሳቁም፤ ሕጉ የገዛ ሕጋቸው ነው። ፊታውራሪው ላብ በላብ ሆነው ከበቅሏቸው ወረዱና ወደ ደምለው ጆሮ ተጠጉ።

«ዞር በልልኝ። ሁለት ጋሻ መሬት እሰጥሃለሁ» ብለው አንሾካሾኩ።

«ጮክ ይበሉ ጌታዬ!» አለ ደምለው፣ ወንዙ ማዶ በሚሰማ ድምፅ። «ሁለት ጋሻ ምን አሉኝ?»

ፊታውራሪው ዘወር አሉ። «ጃንሆይ፣ ዕብድ ነው። አላውቀውም።»

«ዘብህ ካልሆነ መንገዴን የዘጋ ሽፍታ ነው። በሕግ ይሞታል» አሉ ንጉሡ።

ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አነሡ። የደምለው እግር ግን ከድንጋዩ አልተነሣም። ጨርቁን ፈታና ወረቀቱን ዘረጋ።

«ልሙት ጃንሆይ። መጀመሪያ ግን ይህ ይነበብልኝ።»

ያው የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ከአጀቡ ወጥቶ አነበበ፦ «ወታደር ደምለው ዘቡን ጥሎ ሸሸ። ፊታውራሪ አምባዬ።» ማኅተሙም አለበት።

«እንግዲህ ፊታውራሪ ካላወቁኝ፣ ያላቆሙት ዘብ ከየት ሸሸ? ካቆሙኝ ደግሞ ይኸው ቆሜያለሁ፤ ያንሡኝ።»

ንጉሡ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ያን ጊዜ ሠራዊቱ የት ተቆጠረ?»

ጸሐፊው ፊታውራሪውን አየ። ደምለውን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «ላይኛው ከተማ፣ ጃንሆይ። ከዚህ ሁለት ቀን» አለ።

ንጉሡ ማዶ ያለውን ሐውልት ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «አምባዬ፣ ዘብህን አንሣ።»

«በቃህ» አሉ ፊታውራሪው፣ በማይሰማ ድምፅ።

«ካቆሙኝ ቀን ጀምሮ እርቅ እስኪወርድ እዚህ እንደነበርኩ ጨምረው ይናገሩልኝ ጌታዬ። ጸሐፊው ይጽፋል።»

«ካቆምኩህ ቀን ጀምሮ እርቅ እስኪወርድ… ነበርክ። በቃህ!»

ያን ጊዜ ደምለው በትሩን ከትከሻው አወረደ። ጸሐፊው በሰንጢ «ሸሸ» የምትለውን ቃል ሊፍቃት ሲል እጁን ያዘው። «አትፋቃት። ሰርዝና ከላይዋ ጻፍ። ማን እንደተሳሳተም ይታይ።»

ንጉሡ ድልድዩን ሳይሻገሩ ተመለሱ። ሐውልቱ ሳይመረቅ ቀረ። የፊታውራሪው ካባም በዚያው ሳምንት ከትከሻቸው ወረደ።

የፈረሰው ጋብቻም እንደገና ታሰረ። በልጁ ሠርግ ቀን የሰፈሩ ሰው ተነሥቶ «አያ ደምለው፣ ወደ ላይ! ወደ ክብሩ ቦታ!» እያለ ጎተተው። እሱ ግን በሩ ሥር፣ ያቺው የድሮ ቦታው ላይ ዘና ብሎ ተቀመጠ።

«እዚህ ይመቸኛል» አለ። «ነገር ሲመጣ ማን እንደሚሮጥ ይታየኛል።»

ወዳጄ፣ ባላጠፋኸው ጥፋት ምሕረት ሲሰጡህ አትቀበል። ምሕረቱን የወሰድክ ቀን ጥፋቱንም ፈርመህ ወስደሃል። የሸሹ ሰዎች ቀድመው ይደርሳሉ፤ ቀድሞ የደረሰ ደግሞ መዝገቡን ይይዛል። ስለዚህ ስምህ በክፉ ተጽፎ ብታገኘው አትደንግጥ። የቆምክበትን ድንጋይ አትልቀቅ፤ የዋሸብህ ወረቀት ራሱ አንድ ቀን ይመሰክርልሃል።

አንተስ፣ ስለ ሰው «ሸሸ» ሲባል ሰምተህ የሳቅክ ጊዜ፣ ቆጣሪው የት ቆሞ እንደቆጠረ ጠይቀህ ታውቃለህ?