ከአልጋ ጀርባ የገቡት የስፌት መኪናዎች

«ባንክ ለፈት ሴት ቤት መግዣ አያበድርም።»

አንዲት ሴት ይህን ቃል ከጎረቤቷ አፍ ስንት ጊዜ ሰምታለች መሰላችሁ? ልብስ ስታሰጣ በአጥሩ ላይ ሰምታዋለች። ከእድር ሲመለሱ ሰምታዋለች። ሽንኩርት ልትዋስ ሄዳ ከሽንኩርቱ ጋር ተቀብላ ተመልሳለች። «የባል ፊርማ ይጠይቃሉ። ባል ከሌለሽ በሩንም አትርገጪው» ይሏታል ጎረቤቷ እትዬ ብዙነሽ። ከየት ሰሙት ብሎ የጠየቀ የለም። ወሬ እኮ እንዲህ ነው፤ አባቱን የሚጠይቅለት አያገኝም፣ አሳዳጊ ግን አያጣም።

ሴትየዋን እታፈራሁ እንበላት። ሐዋሳ ውስጥ ከአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከባሏ ከግዛቸው ከተፋታች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ ከኋላ ትኖራለች፣ ከፊት ትሰፋለች። ሦስት የስፌት መኪና አላት፤ አስናቀች የምትባል ሠራተኛም አለቻት። ደመወዝ የሚቆርጥላት መሥሪያ ቤት ግን የላትም። አለቃዋም፣ ገንዘብ ያዧም፣ ጥበቃዋም ራሷ ናት።

ግንቦት ላይ የቤቱ ባለቤት አቶ ሽብሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ባርኔጣ የሚያወልቅ አከራይ ደግ ነገር ይዞ አይመጣም።

«እታፈራሁ፣ ቤቱን ልሸጠው ነው። ልጆቼ ጠቅልለህ ና ብለውኛል። ቅድሚያው ያንቺ ነው፤ ግን እስከ መስቀል ነው የምጠብቅሽ። ከዚያ ወዲያ ለመጣው እሸጣለሁ።»

አስቡት እንግዲህ። ቤቱን ካጣች የምታጣው ጣራ ብቻ አይደለም። ወላጆች ሁሉ «ከአጥሩ ሥር ያለችው» የሚሏት ሴት ናት። አጥሩን ስታጣ ማን ትባላለች?

እትዬ ብዙነሽ ምክር ይዘው መጡ። «አላልኩሽም? ከግዛቸው ታረቂ። ለፊርማው እንኳን ይሁንሽ።»

«እትዬ፣ ለፊርማ ብዬማ ከሆነ የማገባው፣ እስክሪብቶውን ባገባው አይሻልም?»

«ቀልጂ አንቺ። መስቀል ሲደርስ እናያለን።»

ቀለደች እንጂ ፈርታለች። ፈርታም ሄደች። ይህን ያዙልኝ፤ ፍርሃቴ ካልለቀቀኝ አልሄድም ያለች ሴት የትም ደርሳ አታውቅም።

የባንኩ ብድር ክፍል ሠራተኛ ረድኤት የምትባል ወጣት ናት። «የፍቺ ወረቀትዎን ይዘዋል?» አለቻት። ይኸው መጣ፣ አለች እታፈራሁ በሆዷ። ወረቀቱን ሰጠቻት። ረድኤት ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ ከሌላው ጋር በስቴፕለር ቀጭ አደረገችውና «ቀጣዩ» አለች።

በቃ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተፈራው ጉድ በአንድ ቀጭታ አለቀ።

መከራው የነበረው ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ ነው። ከግብር ቢሮ የመጣው የገቢ ማስረጃ። ረድኤት አነበበችው፣ ቀና ብላ እታፈራሁን አየቻት፣ እንደገና አነበበችው።

«‹የቤት እመቤት ስትሆን በትርፍ ጊዜዋ በአንድ መኪና የጎረቤት ልብስ ትጠግናለች፤ ሠራተኛ የላትም› ይላል። ይህቺ እርስዎ ነዎት?»

እታፈራሁ ዓረፍተ ነገሩን አወቀችው። ለምን አታውቀው? የፈረመችበት እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የገቢ ገማቾች በሰፈሩ ዞረው ነበር። የዚያን ጊዜ «ገማች መጣ!» የሚል ድምፅ ከጎዳናው ጫፍ ከተነሳ መደርደሪያው ይራቆታል፣ ፍሪጁ ብርድ ልብስ ይለብሳል፣ ነጋዴው ሁሉ በአንድ አፍታ ነዳይ ይሆናል። እትዬ ብዙነሽ ሰፊ አልጋ አላቸው፤ ከአልጋው ጀርባ ደግሞ ሰፊ ቦታ። ሁለቱ የስፌት መኪናዎች እዚያ ገቡ፣ ጋቢ ተጣለባቸው። ግዛቸው ማመልከቻውን ጻፈ፣ እታፈራሁ እየሳቀች ፈረመች። በተረፈው ግብር የሳምንቱን ሥጋ በሉበት። ሥጋው በሳምንት አለቀ፤ ወረቀቱ ስምንት ዓመት ቆየ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ የፊተኛውን እየገለበጠ ነው የጻፈው። ባልየው ሄደ፣ በወረቀት የጻፋት ሴት ግን ማኅደር ውስጥ ቁጭ ብላ ስትጠብቃት ኖረች።

እርስ በርሳችሁ አትተያዩ። ገማች ሲመጣ ያልደኸየ ካለ ይነሳና የፊተኛውን ወንበር ይውሰድ።

«ለዚህች ሴት ማበደር አንችልም» አለች ረድኤት። «ቤት ቀርቶ የቤቱን በር አትገዛም።»

«ፈት ስለሆንኩ ነው?»

«ኧረ አይደለም። ይህቺ ሴት ባል ቢኖራትም ያው ናት።»

ይህን ቃል ይዛ ወጣች። እስከ ሐምሌ ድረስ ከጉሮሮዋ አልወረደላትም። ሐምሌ የግብር ወር ነው። ሕዝቡ ቀንሱልኝ ሊል ተሰልፎ ሳለ እሷም ተሰለፈች። መስኮቱ ጋ የተቀመጡት አቶ ዱባለ ይባላሉ።

«መኪናዬ ሦስት ነው፤ ሠራተኛም አለችኝ። ወረቀቱ ይስተካከልልኝ።»

«ማነው የጠቆመብሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ተጣልተሽ ነው?»

«ከማን ጋር?»

«ከራስሽ ጋር ነዋ።» አቶ ዱባለ ወንበራቸውን ወደ ኋላ አዙረው ባልደረቦቻቸውን ጠሩ። «ኑ እዩልኝ እስቲ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ መስኮት ላይ ተቀምጬ ቀንሱልኝ ብሎ ያላለቀሰ አላየሁም። ጨምሩልኝ ባይ ዛሬ መጣች።»

ሳቁባት። ስቀው ሲያበቁ ቅጣቱን አሰሉላት። እውነት በነፃ አትመለስም፤ የቆየችበትን ታስከፍላለች። ለቤቱ ብላ ከያዘችው የእቁብ ብር ላይ ከፈለች። ጉድለቱን ለመሙላት የሌላ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተቀበለች። ነሐሴን ሙሉ ሦስቱም መኪናዎች ከጠዋት እስከ ማታ ጮሁ።

አዲሱን ወረቀት ይዛ ስትመለስ ረድኤት እንዲህ አለቻት። «ወረቀቱ ጥሩ ነው። ግን አሮጌውም እዚህ አለ። የትኛዋ እንደሆኑ መጥቼ በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

ቀኑ ደረሰ። እታፈራሁ እንግዶቿን ልትቀበል እስከ አስፋልቱ ወጣች። ረድኤትና ማኅደር የታቀፈ አንድ ባልደረባዋ ከባጃጅ ወረዱ። ይህን ጊዜ እትዬ ብዙነሽ ከደጃቸው ቆመዋል። ምን አዩ? ማኅደር አዩ። ማኅደር የያዘ ሰው በዚያ ጎዳና ምን ማለት ነው?

ሦስቱ ሲገቡ የፊተኛው ክፍል ውስጥ አንድ መኪና ብቻ ቆሟል። አስናቀች ጥግ ይዛ ታለከልካለች። ሁለቱ መኪናዎች በነበሩበት ወለል ላይ የእግራቸው ቅርጽና ቁርጥራጭ ክር ቀርቷል።

ረድኤት ወለሉን አየች። ወረቀቱን አየች። «ወይዘሮ እታፈራሁ፣ ሦስት ነበር ያሉኝ።»

ከግድግዳው ማዶ እትዬ ብዙነሽ ሳል አፍነው ሲይዙ ይሰማል።

ለጥገና ሄደዋል ማለት ትችል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ስምንት ዓመት የሠለጠነ አፍ ነው። እሷ ግን «አንዴ ይጠብቁኝ» ብላ ወጣችና የጎረቤቷን በር ከፈተች። እትዬ ብዙነሽ አልጋቸው ላይ እንደ ዘብ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ጋቢው ተከምሯል።

«ሂጂ፣ ሂጂ» አሏት በሹክሹክታ። «ቢገድሉኝ አላወጣም።»

«እትዬ፣ ገማች አይደሉም። ከባንክ ናቸው።»

«ማኅደር ይዘው የለ?»

«ይዘዋል። ዛሬ ግን እንዲያዩ ነው የምፈልገው። ሦስቱንም፣ እኔንም።»

አሮጊቷ ከአልጋው ወረዱና ጋቢውን በገዛ እጃቸው ገፈፉት። የመጀመሪያውን መኪና በአንድ በኩል እሳቸው፣ በሌላው በኩል እሷ ይዘው በረድኤት ፊት አለፉ። ለሁለተኛው የባንኩ ሰውዬ ማኅደሩን አስቀምጦ አገዘ፤ ነጭ ሸሚዙን ዘይት ነካው። እታፈራሁ አንዲት ቃል አላስተባበለችም። «የስምንት ዓመት ልማድ ነው» አለች። «እኔ ነኝ ያስለመድኳቸው።»

ረድኤት ከት ብላ ሳቀች። ሳቁ ሲያልፍላት ጻፈች። ያየችውን ጻፈች።

ብድሩ ተፈቅዶ መስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ከአቶ ሽብሩ ጋር ተፈራረሙ። የቤቱ ካርታ ላይ አንድ ስም አለ። የአባቷ ስም ተከትሎታል፤ ሌላ ማንም የለበትም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህን ያወራሁላችሁ ቤት እንድትገዙ አይደለም። ብትገዙ ግን አይከፋኝም።

ስንቶቻችሁ ናችሁ ሁለት መኪና ከአልጋ ጀርባ ደብቃችሁ በአንዷ የምትኖሩት? ምን ትሠራላችሁ ስትባሉ «ኧረ ምንም፣ እንዲሁ እሞካክራለሁ» የምትሉት? ትዳራችሁ ሲፈርስ «ግማሽ ቀረሁ» ብላችሁ በራሳችሁ ላይ የፈረማችሁት? ፊርማው በዚያን ቀን ቀላል ነው። ያስቃልም። ያነሰ ሰው ያነሰ ይጠየቃላ። ግን ያች ትንሽ ሴት አትጠፋም፤ ያ ትንሽ ሰው አይጠፋም። አንድ ቀን ትልቅ በር ልታንኳኩ ስትሄዱ ቀድሞአችሁ ገብቶ ወንበር ላይ ታገኙታላችሁ።

ትሕትና ነው አትበሉኝ። ትሕትና ያለውን ይዞ ዝቅ ማለት ነው። ያለውን ደብቆ ዝቅ ማለት ሌላ ስም አለው፤ ስሙንም ታውቁታላችሁ። እግዚአብሔር በአምሳሉ የፈጠረውን ሰው በአንድ መኪና አስገምታችሁ ስትመልሱለት ምን ይላችኋል? ሁለቱን ወዴት አደረሳችኋቸው አይልም?

ቅጣት ይኖረዋል። ይሳቅባችኋል። ክፈሉት፣ ይሳቅ። ሰኞ ጠዋት ሂዱና ጋቢውን ግፈፉት። የከበደም እንደሆነ አንድ ጫፍ የሚይዝላችሁ አይጠፋም፤ ትናንት አብሯችሁ የደበቀው ሰው እንኳን ይይዝላችኋል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል።

ቤቱ የተመረቀ ዕለት፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ እታፈራሁ ከእትዬ ብዙነሽ ጋር ሳህን እየሰበሰበች ሳለ ከዚያ በፊት ያልጠየቀችውን ጠየቀች።

«እትዬ፣ ባንክ ለፈት አያበድርም ብሎ የነገረዎት ግን ማን ነበር?»

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ብዙነሽን ባል የሞተባቸው ነው የሚላቸው። ሳህኑን አስቀመጡ።

«የኔም አልሞተም። ፈትቶኝ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመቴ አንድ ቤት አግኝቼ ባንክ ሄጄ ነበር።»

«ምን አሉዎት?»

«ለፈት አይሰጥም አለኝ ዘበኛው፣ ገና በሩ ላይ።»

«ውስጥ ያሉትስ?»

«ውስጥማ መች ገባሁ። ዘበኛው ነገረኝ እኮ።» ሳህኑን መልሰው አነሱና ለሰውዬው እንዳዘኑለት ሁሉ ጨመሩ። «እሱም ምስኪን ነው። ትናንት ነው የተቀጠርኩት ብሎኝ ነበር።»