ሮቦቱን አንቱ በይ

በአንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የምትደረድር አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። የመጋዘኑ ባለቤት አቶ ልዑልሰገድ ዕቃ የሚያመላልስ ሮቦት ከውጭ አገር አስመጡና ሠራተኛው ሁሉ እያጨበጨበ ካባ አለበሱት።

በማግስቱ ሴትዮዋ ከባድ ካርቶን ታቅፋ ስትመጣ ሮቦቱ ካባውን እንደለበሰ መተላለፊያው ላይ ተገትሮ አገኘችው።

«አንተ፣ ዞር በልልኝ እንጂ!» አለችው።

አቶ ልዑልሰገድ ከኋላዋ ነበሩ። «ማንን ነው አንተ የምትይው? በስምንት ሚሊዮን ብር የተገዛውን? አሁኑኑ ጎንበስ ብለሽ፣ አንቱ እያልሽ ይቅርታ ጠይቂው! አለዚያ ከሥራ ተባረሻል!»

ሥራው ከቀረ ልጇን አዝላ ተመልሳ አማቷ ቤት መግባቷ ነው። ካርቶኑን አስቀምጣ እስከ መሬት ጎንበስ አለች።

«ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፤ ዋጋዎን ሳላውቅ ነው» አለችው ሮቦቱን።

ባለቤቱ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷም ቀና ብላ ወደ እሳቸው ዞረች።

«አንቱ የሚባለው በተገዙበት ዋጋ ከሆነ፣ ደግሜ እንዳልሳሳት ይንገሩኝ። እርስዎ በስንት ተገዙ?»

«እኔ ሰው ነኝ! ማን አባቱ ነው የሚገዛኝ?»

«አይ፣ እንግዲያው እኩያሞች ነን! በል ልዑሌ፣ ና በዚያ በኩል ያዝልኝ፤ ካርቶኑ ከብዶኛል።»

አቶ ልዑልሰገድ ግራ ገብቷቸው ያዙላት። ሊያባርሯት ያሰቡት ሦስተኛውን ካርቶን ካነሱ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ትንፋሽ አጥሯቸው መናገር አቃታቸው።