የማይፈተሸው ሳይክል

አንድ በኮረብታ ላይ በተሠራ ከተማ ውስጥ እሑድ እሑድ አብረው ሳይክል የሚነዱ ወዳጆች ነበሩ። ሳይክላቸው እንደ ሌላው ሳይክል አልነበረም። ፔዳሉ ከኋላ ጎማው ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርም አብሮ ይዞራል፤ ቁልቁለት ላይ እንኳ እግርን አሳርፎ መንሸራተት የለም። አብዛኞቹ ፍሬን አልነበራቸውም። መቆም የፈለገ ሰው ፔዳሉን በእግሩ ጉልበት ወደ ኋላ ይገታል። አላፊ አግዳሚው ሲያያቸው «እነዚህ ልጆች እናት የላቸውም?» ይላል። ነበራቸው። ብቻ ለእናቶቻቸው ስለ ፍሬኑ አልተነገራቸውም።

የነጂው ነፍስ ያለችው የኋላ ጎማው መሐል ላይ ነው፤ እዚያ ካለችው ባለ ጥርስ ብረትና እሷን አጥብቃ ከያዘችው ቀለበት ጋር። ቀለበቷ ከላላች፣ ነጂው ወደ ኋላ ሲገታ ብረቷ ትፈታለች፤ ፔዳሉም በባዶ ይዞራል። ክፋቱ ሳይክሉ ቆሞ ሲያዩት ምንም አይታወቅም። የሚታወቀው ሰው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲጫን ነው፤ የሚጫነው ሰው ደግሞ ከበስተኋላው ያለውን ማየት አይችልም። ስለዚህ አንድ ልማድ ነበራቸው። ትልቁ ቁልቁለት አናት ላይ ሲደርሱ እያንዳንዱ በተራው ተቀምጦ ይጫናል፤ ባልንጀራው የኋላ ጎማውን ጨብጦ፣ ጎንበስ ብሎ ያይለታል። «ሰላም ነው» ይለዋል። ከዚያ ይወረዳል።

ከመካከላቸው ናሁሰናይ የሚባለው ሁሉንም ያስተማረ ነው። እሱን የሚፈትሽ ግን አልነበረም። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ በኋላ አክብሮት ሆነ፤ ቆይቶ ደግሞ ማንም አላስታወሰውም።

አንድ እሑድ ዳገቱን ሲወጡ፣ መስቀለኛው መንገድ ላይ ፍጥነቱን ሊቀንስ ወደ ኋላ ሲገታ፣ ናሁሰናይ ከሥሩ «ቀጭ» የሚል ነገር ተሰማው። ጆሮው ከሰማው ይልቅ እግሩ የሰማው ይበልጣል፤ ፔዳሉ ጥቂት ሸሸት ብሎ ተመለሰ። ማለዳ ቤቱ ሲያየው ደህና ነበር። ሌሎቹ ከኋላው ይሳሳቃሉ። እሱ የሚያስበው የቁልቁለቱን መጨረሻ ነው፤ ሚኒባሶች ተደርድረው የሚጭኑበትን፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ግራ ቀኝ ሳያይ የሚሻገርበትን። ዳገቱ እንዳያልቅ ተመኘ። ይህን የተመኘ ሳይክለኛ ከእሱ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

አናቱ ላይ ደረሱ። ፍተሻው ተጀመረ። አቤኔዘር የሚባለው ወጣት አጠገቡ ቆሞ ነበር።

«አቤኔዘር፣ እስቲ የኔንም...» አለ ናሁሰናይ።

«አይ አለቃ! ልትፈትነኝ ነው?» አለ አቤኔዘር። «የቄሱን መስቀል ማን ይባርካል?»

ሁሉም ሳቁ። ናሁሰናይም ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ተጸጸተ፤ ግን አንዴ ስቋል። የፈራ እግር ሳይክል አይገታም ብሎ ያስተማራቸው ራሱ ነው። አሁን ፈራሁ ቢል ምን ይሉታል? መሪውን ያዘ።

ከወደ ኋላ ትርሲት መጣች። ትርሲት ሳይክሏ ላይ ፍሬን ያስገጠመች ብቸኛዋ ናት። ናሁሰናይ በሰው ፊት «ይሄ ሳይክል ሳይሆን ጋሪ ነው» ካላት ወዲህ አይነጋገሩም።

«ተቀመጥ» አለችው፣ ሰላም ሳትለው።

«ምን?»

«ተቀመጥና ወደ ኋላ ተጫን።»

«ትርሲት፣ የሱን?» አለ አቤኔዘር። «ኧረ ተይ፣ ነውር ነው!»

«ነውሩን ለኔ ተወው።» ጎማውን ጨበጠች። «ተጫን እንጂ! እግርህን ተውሰኸው ነው?»

ናሁሰናይ ተጫነ። ቀጭ አለ። ይህን ጊዜ ሁሉም ሰሙት።

ትርሲት ቀና ሳትል «ላልቷል» አለች። «ቀለበቷን በጣት ማዞር ይቻላል። በዚህ ብትወርድ የሚያቆምህ ሚኒባስ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ናሁሰናይ ከሳይክሉ ወረደ። «እኔ ደግሞ ያኮረፍሽኝ መስሎኝ» አላት።

«አሁንም አኩርፌሃለሁ። ይሄ እርቅ እንዳይመስልህ። ተከትዬህ የምወርደው እኔ ነኝ፤ ስትወድቅ አንተ ላይ ነው የምከመረው።»

አቤኔዘር ኮርቻው ላይ ተመልሶ ወጣና ቀስ ብሎ «እስቲ የኔን ድገሙልኝ፤ ቅድም ሰላም ነው ያለኝ ሰው ጎማውን አልጨበጠም» አለ። ያን ቀን ፍተሻው እንደ አዲስ ተጀመረ። ናሁሰናይ ግን ሳይክሉን እየገፋ ቁልቁለቱን በእግሩ ወረደው።

የምናከብረውን ሰው ብዙ ጊዜ ማየት እንተዋለን። አክብሮታችን ጥሩ ሰበብ ይሆነናል፤ ጎንበስ ከማለት ያድነናል። የተከበረውም ሰው ክብሩ እንዳይጎድል ብሎ እያወቀ ቁልቁለቱን ይጀምራል። ለዚህ መድኃኒቱ የግድ ፍቅር አይደለም። ያኮረፈ ሰው እንኳ፣ ውድቀቱ የጋራ መሆኑን ካወቀ፣ ከወዳጅ የተሻለ ያያል።

በእናንተ ቤት፣ በእናንተ መሥሪያ ቤት፣ «እሱማ ምን ይሆናል» ወይም «እሷማ ትችለዋለች» የሚባለው ሰው ማን ነው? «እስቲ የኔንም» ብሎ ጀምሮ፣ ስትስቁ አብሯችሁ የሳቀስ አልነበረም?