ንብ ለግራዋ የማለችው

ተረት ልንገራችሁ፤ ዝናብ እምቢ ካለበት ዘመን የተረፈች ናት።

አንዲት ንብ አበባ ፍለጋ ስትንከራተት ሰንብታ ግራዋ ዘንድ ደረሰች። «እባክህ አብብልን፤ እህቶቼ በረሃብ ሊያልቁ ነው» አለችው።

ግራዋም፣ «የቀረችኝ ውሃ ወይ ለቅጠሌ ናት ወይ ለአበባዬ። አብቤ ካልመጣችሁ ዘር ሳልይዝ መድረቄ ነው» አላት።

«ሁላችንም እንመጣለን» ብላ ማለችለት።

ግራዋው ቅጠሉን አራግፎ ማበብ ሲጀምር ልትጠራቸው በረረች። ቀፎው ባዶ ነበር፤ እህቶቿ ሳይጠብቋት ውሃ ወዳለበት አገር ተሰደዋል። ልትከተላቸው አሰበች፤ ግን መሐላው ከበዳትና ብቻዋን ተመለሰች።

«እህቶችሽስ?» አላት።

«መንገድ ላይ ናቸው» አለችው።

ይህን ሰምቶ የቀሩትን እንቡጦች ሁሉ ከፈተ። እሷም ካንዱ አበባ ወዳንዱ ስትል ዋለች፤ ግማሹን እንኳ ሳታዳርስ ክንፏ ዝሎ ወደቀች። ግራዋውም መንገድ መንገዱን እያየ ደረቀ።