የእትዬ አስካለ ጥርስና የፈንታሁን ኢንሹራንስ

ሥራ ያለው ሥራውን ይዞ፣ ሥራ የሌለው ጆሮውን ይዞ ጠጋ ይበል። ዛሬ የማወራችሁ ሞጆ ከተማ ውስጥ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ጥርስ ፈልገው ያዩትን ፍዳ ነው።

የእትዬ አስካለ ባል አቶ ፈንታሁን ዕድሜ ልካቸውን ጅቡቲ ሲመላለሱ የኖሩ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ያን ሁሉ መንገድ በሰላም አልፈው፣ አልጋቸው ላይ ታመው ሞቱ። እትዬ አስካለ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ የላይኛው የፊት ጥርሶቻቸው ረግፈው ነበርና «ፈ» የምትለዋ ድምፅ ከአፋቸው አልወጣ ብላለች። «ፈ» ሊሉ ሲሞክሩ «ሀ» ትወጣለች። ባልየው በሕይወት ሳሉ ይኼ ነገር ደስ ይላቸው ነበር። «ሀንታሁን ስትይኝ እኮ ሌላ ሴት ቤት የገባሁ ይመስለኛል» እያሉ ይስቁ ነበር።

የቀብሩ ዕለት ግን አላሳቀም። እትዬ አስካለ ደረታቸውን እየደቁ «ሀንታሁን! ወየው ሀንታሁኔ!» ብለው ሲጮኹ፣ ከአዳማ በአውቶቡስ የመጡ ለቀስተኞች እርስ በርስ ተያዩ። «ሀንታሁን ደግሞ ማነው? ቀብር ተሳስተናል መሰለኝ» ተባባሉና ወደ አውቶቡሳቸው ተመለሱ። እትዬ አስካለ አውቶቡሱ አቧራውን እያስነሳ ሲሄድ በዓይናቸው አዩ። ያን ዕለት ባላቸውን ሁለት ጊዜ የቀበሩ መሰላቸው። ስለዚህ ለሙት ዓመቱ አንድ ነገር ተመኙ፦ መቃብሩ ላይ ቆመው ባላቸውን «ፈንታሁን» ብለው መጥራት። ለዚህ ደግሞ ጥርስ ያስፈልጋል።

ጥርስ የሚተክለው ሐኪም በዱቤ አይሠራም። ደግነቱ አቶ ፈንታሁን የሕይወት ኢንሹራንስ ነበራቸው። እትዬ አስካለ ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄዱ።

«እማማ፣» አለቻቸው መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ፣ «ገንዘቡ አለ። ግን ‹ሙሉው የኔ ነው› የሚሉ ሦስት ሰዎች ቀድመውዎት መጥተዋል። የሟች ልጅ ሽብሩ ‹የበኩር ልጁ እኔ ነኝ› ይላል። እህቱ ብዙነሽ ‹ያስታመምኩት እኔ ነኝ› ትላለች። የሟች ወንድም አቶ ተሰማ ደግሞ ‹መኪና መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ› ይላሉ። ሁላችሁም ተስማምታችሁ ካልፈረማችሁ አንከፍልም። በኩሩ ይጀምር፣ ሌሎቹ ይከተላሉ።»

«ይሀርማል፣» አሉ እትዬ አስካለ።

«ምን ያደርጋል?»

«ስሙን ይጽሀል!» አሉ ተናደው። የባሰ ሆነ።

እንግዲህ ሽብሩ ካልፈረመ ኢንሹራንሱ አይከፍልም፤ ኢንሹራንሱ ካልከፈለ ጥርስ የለም፤ ጥርስ ከሌለ ፈንታሁን ሀንታሁን ነው።

ሽብሩና ብዙነሽ አቶ ፈንታሁን ከሞተችው ከመጀመሪያ ሚስታቸው የወለዷቸው ናቸው። ሽብሩ ጋራዥ አለው። እትዬ አስካለ ሲደርሱ ከአንድ መኪና ሥር እግሩ ብቻ ይታያል።

«ሽብሩ ልጄ፣ ሀርምልኝ!» አሉ ለእግሩ።

«ምን ልሁን?»

«በእስክሪብቶ! ኢንሹራንሱ ላይ! ለጥርሴ!»

ሽብሩ ከመኪናው ሥር ተንፏቆ ወጣ። «እትዬ፣ ጥርስዎን ጠልቼ አይደለም። ግን ብዙነሽ የአባዬን የመኪና ጡሩምባ ወስዳብኛለች። ከጅቡቲ ሲመለስ ድልድዩ ጋ ሲደርስ የሚነፋውን። እሱን ስሰማ ነበር የትምህርት ቤቱን አጥር ዘልዬ የምሮጠው። ጡሩምባው ካልመጣ እስክሪብቶ አልነካም» አለና ተመልሶ ገባ።

እንግዲህ ብዙነሽ ጡሩምባውን ካልሰጠች ሽብሩ አይፈርምም፤ ሽብሩ ካልፈረመ ኢንሹራንሱ አይከፍልም፤ ኢንሹራንሱ ካልከፈለ ጥርስ የለም፤ ጥርስ ከሌለ ፈንታሁን ሀንታሁን ነው።

ብዙነሽ ጸጉር ቤቷ ውስጥ ነበረች። «ብዙዬ፣ እባክሽ ጡሩምባውን ለወንድምሽ ስጪው» ሲሏት የጸጉር ማድረቂያውን አጠፋችና ወገቧን ያዘች።

«እትዬ፣ ጋሽ ተሰማ በአባዬ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹ይቺ ልጅ የምታለቅሰው መሐረቧ ውስጥ ሽንኩርት ቋጥራ ነው!› እኔን! እኔ እኮ አባዬን በማንኪያ ያጎረስኩ ነኝ! ሰው ፊት እንደሰደበኝ ሰው ፊት ይቅርታ ካላለኝ፣ ጡሩምባው ከአልጋዬ ሥር አይወጣም።»

እንግዲህ ጋሽ ተሰማ ይቅርታ ካላሉ ብዙነሽ ጡሩምባውን አትሰጥም፤ ብዙነሽ ጡሩምባውን ካልሰጠች ሽብሩ አይፈርምም፤ ሽብሩ ካልፈረመ ኢንሹራንሱ አይከፍልም፤ ኢንሹራንሱ ካልከፈለ ጥርስ የለም፤ ጥርስ ከሌለ ፈንታሁን ሀንታሁን ነው።

ጋሽ ተሰማ ግዙፍ ሰው ናቸው። በራቸው ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው፤ ከለቅሶው ወዲህ ወንበር የሚባል ነገር አያምኑም።

«ሽንኩርት ብያታለሁ፣ አልክድም» አሉ። «ግን አስካለ፣ አንቺው ፍረጂኝ። የዕድሩ ወንበር ከሥሬ ተሰብሮ ድንኳን መሐል ተዘረርኩ። ወንድሜ ሞቶብኝ፣ እግሬ ወደ ሰማይ! እሷ ሳቀች። የዕድሩ ዳኛ በዳሳ ደግሞ ‹ሰባሪው አንተ ነህ› ብሎ ቀጣኝ። ‹ወንበሩ ድሮም ስብር ነበር› ብሎ ካልፈረደልኝ ከዚህ አፍ ይቅርታ አይወጣም።»

«አይዞዎት ወንድም ጋሼ፣ በዳሳ ይሀርዳል።»

«ማንን ነው የሚያርደው?» ብለው ጋሽ ተሰማ ከድንጋዩ ተነሡ።

እትዬ አስካለ ወደ ዕድሩ ሄዱ። እንግዲህ አቶ በዳሳ ካልፈረዱ ጋሽ ተሰማ ይቅርታ አይሉም፤ ጋሽ ተሰማ ይቅርታ ካላሉ ብዙነሽ ጡሩምባውን አትሰጥም፤ ብዙነሽ ጡሩምባውን ካልሰጠች ሽብሩ አይፈርምም፤ ሽብሩ ካልፈረመ ኢንሹራንሱ አይከፍልም፤ ኢንሹራንሱ ካልከፈለ ጥርስ የለም፤ ጥርስ ከሌለ ፈንታሁን ሀንታሁን ነው።

አቶ በዳሳ የተሰበረውን ወንበር እንደ እስረኛ ጥግ አስይዘው ቆልፈውበታል። «ወይዘሮ አስካለ፣ እኔ ዳኛ እንጂ አናጢ አይደለሁም» አሉ። «አዲስ ስብራት ይሁን አሮጌ በምን አውቃለሁ? አናጢው ኑሪ መጥቶ አይቶ ይንገረኝ፤ ያኔ እፈርዳለሁ።»

ኑሪን ሱቁ ውስጥ አገኙት። ግማሽ የተሠራ መዝጊያ ኋላ ቆሟል፤ የሚታየው ከእምብርቱ በላይ ነው።

«ኑሪ፣ ና እስቲ፣ አንድ ወንበር እይልኝ።»

«እማማ፣ አይምጡ! እዚያው ይቁሙ!» አለ ኑሪ መዝጊያውን ጨምድዶ። «ሱሪዬ ልብስ ሰፊዋ ዘርፌ ጋ ነው። መጋዝ ቀዶብኝ ልትሰፋልኝ ሰጠኋት፤ ይኸው ዛሬ ነገ እያለች ከዚህ መዝጊያ ኋላ አስቀረችኝ። ደንበኛው መዝጊያውን ሊወስድ ሲመጣ እንኳ አላለቀም ብዬ መለስኩት።»

እንግዲህ ዘርፌ ካልሰፋች ኑሪ ሱሪ የለውም፤ ኑሪ ሱሪ ከሌለው አቶ በዳሳ አይፈርዱም፤ አቶ በዳሳ ካልፈረዱ ጋሽ ተሰማ ይቅርታ አይሉም፤ ጋሽ ተሰማ ይቅርታ ካላሉ ብዙነሽ ጡሩምባውን አትሰጥም፤ ብዙነሽ ጡሩምባውን ካልሰጠች ሽብሩ አይፈርምም፤ ሽብሩ ካልፈረመ ኢንሹራንሱ አይከፍልም፤ ኢንሹራንሱ ካልከፈለ ጥርስ የለም፤ ጥርስ ከሌለ ፈንታሁን ሀንታሁን ነው።

እትዬ አስካለ ዘርፌ ቤት ደረሱ። ዘርፌ ከስፌት መኪናዋ ርቃ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ዘርሄ፣ የኑሪን ሱሪ ስሂለት!»

«ምን ልሁንለት?» አለች ዘርፌ። መልሱን ሳትጠብቅ በጣቷ አሳየቻቸው። መኪናው ላይ የኑሪ ሱሪ፣ ሱሪው ላይ ድመት፣ ድመቷ ሥር ዓይናቸውን ያልገለጡ ግልገሎች። «ወልዳበት እኮ ነው እትዬ! እጄን በሰደድኩ ቁጥር ትቧጭረኛለች። አራስ ናት፣ እንዴት አድርጌ ላስነሣት?»

እትዬ አስካለ እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አሉ። እንባቸው መጣ። ከማልቀስ ይልቅ ግን ድመቷን ማናገር ጀመሩ።

«ስሚኝ የኔ እመቤት፣» አሏት። «አንቺ ካልተነሣሽ ዘርሄ አትሰሀም፤ ዘርሄ ካልሰሀች ኑሪ ሱሪ የለውም፤ ኑሪ ሱሪ ከሌለው በዳሳ አይሀርድም፤ በዳሳ ካልሀረደ ተሰማ ይቅርታ አይልም፤ ተሰማ ይቅርታ ካላለ ብዙነሽ ጡሩምባውን አትሰጥም፤ ብዙነሽ ካልሰጠች ሽብሩ አይሀርምም፤ ሽብሩ ካልሀረመ ኢንሹራንሱ አይከህልም፤ ኢንሹራንሱ ካልከሀለ ጥርስ የለም፤ ጥርስ ከሌለ ደግሞ ሀንታሁን... ሀንታሁን ነው።»

ድመቷ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። በዚያ ቀን ሙሉ «ምን አልሽ?» ያላለቻቸው እሷ ብቻ ነበረች።

እትዬ አስካለ እሷን ሲያዩ አንድ ነገር ገባቸው። ድመቷ ማንንም ላስቸግር ብላ አይደለም፤ ለልጆቿ የሚሞቅ ነገር አገኘች፣ ተኛችበት፣ በቃ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከላያቸው ያልወረደውን ጥቁር ነጠላ ገፈፉና አጣጥፈው አንድ ጎድጓዳ ቅርጫት ውስጥ አነጠፉት። ቅርጫቱን መኪናው አጠገብ አኖሩ። ራቅ ብለው ጠበቁ።

ድመቷ ወረደች። ነጠላውን አሸተተች፣ በመዳፏ ረገጥ ረገጥ አደረገችው። ከዚያ ተመልሳ ወጣችና ግልገሎቿን አንድ በአንድ በማጅራታቸው እየነከሰች ቅርጫቱ ውስጥ ከተተቻቸው።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተፈታ! ድመቷ ተነሣች፣ ዘርፌ ሱሪውን ሰፋች። ዘርፌ ሰፋች፣ ኑሪ ሱሪውን አጥልቆ ከመዝጊያው ኋላ እየዘለለ ወጣ። ኑሪ ወጣ፣ ወንበሩን ገለበጠ፣ በጣቱ ነካው፤ እግሩ እንደ ዱቄት ፈረሰ። «ይኼንማ ምስጥ ከበላው ስንት ዘመኑ!» አለ። አቶ በዳሳ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ጥፋተኛው ምስጥ ነው» ብለው ፈረዱ።

አቶ በዳሳ ፈረዱ፣ ጋሽ ተሰማ ብዙነሽ ጸጉር ቤት ሄዱ። በር ላይ ቆመው፣ ጸጉሯን የምትሠራዋ ሁሉ እየሰማች «ልጄ፣ ሽንኩርት አልነበረም። እንባሽ እንባ ነበር። ይቅር በይኝ» አሉ። ብዙነሽ «እኔም ስስቅብዎት ነውር ሠርቻለሁ» ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም ለወንድምና ለአባት ያላለቀሱትን ቀሪ ለቅሶ እዚያው አለቀሱ።

ጋሽ ተሰማ ይቅርታ አሉ፣ ብዙነሽ ጡሩምባውን ከአልጋዋ ሥር አወጣች። ሽብሩ በግራሶ እጁ ተቀብሎ በአፉ ነፋው፤ መንገዱ ላይ ያሉ ባጃጆች ሁሉ ዳር ያዙ። «ድልድዩ ጋ የደረሰ አይመስልም?» አላት እህቱን። «ቤት የገባ ነው የሚመስለው» አለችው። ከዚያ ሽብሩ ፈረመ፣ ብዙነሽ ፈረመች፣ ጋሽ ተሰማ ቆመው ፈረሙ። ኢንሹራንሱ ከፈለ፣ ገንዘቡን ተካፈሉ፣ ማንም ሙሉው የኔ ነው አላለም። ሐኪሙም ጥርሱን ተከለ።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። እትዬ አስካለ መቃብሩ ላይ ቆሙ። ሽብሩ በግራ፣ ብዙነሽ በቀኝ ያዟቸው። ፈሩ። ከንፈራቸውን በአዲሱ ጥርስ ነከስ አደረጉና፦

«ፈንታሁን!» አሉ።

ጥርት ብላ ወጣች። «ፈንታሁን! ፈንታዬ! ፈንቴ!» አሉ፤ አለቀሱ፤ እያለቀሱ ሳቁ። ወደ ቤት ሲመለሱም አላቆሙም። መንገድ ላይ ያዩትን ሁሉ «ፍየል! ፋብሪካ! ፌርማታ! ፎቅ!» እያሉ ይጠራሉ። ሽብሩ ሳቀ፣ ብዙነሽ ሳቀች። ጋሽ ተሰማ ግን ጆሯቸው ደከመ።

«አስካለ፣ ሰው እያየን ነው፤ በቃሽ፣ ዝም በይ እንጂ!» አሏቸው።

«አልፈልግም!» አሉ እትዬ አስካለ።

እኔም እዚህ ላይ ላብቃ። የሰማችሁኝ ሁሉ ጥርሳችሁ አይርገፍ።