ባዶውን የማይመለስ ድስት

ተረት ተረት፤ የሐይቅ ዳር ቤት። ቤቱ የእታፈራሁ ነው፤ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ አፋፍ ላይ። ሦስት ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣ በሩ ላይ ደግሞ አንድ ወረቀት፦ «የተያዘ ቀን ማሳጠር አይቻልም።» ወረቀቱን የለጠፈችው ክፉ ሆና አይደለም። አምና አንዱ እንግዳ ወሩን ሙሉ ይዤዋለሁ ብሎ ሌላውን ሁሉ ካስመለሳት በኋላ በሦስተኛው ቀን ሹልክ አለ፤ ቤቱም ተዘግቶ ከረመ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንጀራዋ ይኸው ቤት ነው።

ሰኞ ዕለት አቶ ደርቤና ባለቤቱ ምንትዋብ ቤቱን ለሳምንት ተከራይተው ገቡ። ደብረ ብርሃን ያለችው ልጃቸው የመጀመሪያዋን ልትወልድ ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበርና፣ ምንትዋብ አራስ ጥየቃው ሳይመጣ ትንሽ ልረፍ ብላ ነው። ጽንስ ግን ቀጠሮ አያውቅም። ረቡዕ ጠዋት ስልክ ተደወለ፤ ሴት ልጅ ተወለደች።

ምንትዋብ ሻንጣዋን አስራ በረንዳው ላይ ቆመች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለልጇ ገንፎ በገዛ እጇ ማገንፋት። ደርቤ ግን ሐይቁን ከሚያይበት ወንበር አልነሳም አለ።

«የዛሬና የነገው ይቅር፤ የዓርብ፣ የቅዳሜና የእሁድ ቀናችን ግን ለሌላ ጊዜ ካልተያዘልን አልነሳም» አለ። «ሐይቁን ገና አይቼ መች ጠገብኩ?»

እታፈራሁ ወረቀቱን አየች። የምንትዋብን ፊት አየች። የአምናው ዝግ በር ግን ትዝ አላት።

«እንኳን ማርያም ማረቻት፣ ወይዘሮ ምንትዋብ» አለች። «ቦታ የለም ብዬ የመለስኳቸው ማኅበርተኞች አሉ፤ የለመኑኝም እነዚህኑ ሦስት ቀናት ነው። እነሱ ከመጡ የእናንተን ቀን እይዝላችኋለሁ። ካልመጡ አልይዝም።»

ለማኅበሩ ሰብሳቢ ለወይዘሮ አስካለ ደወለች። «እምቢ ስትዪን እኛም ሽብሩን ይቅርብን አልነው» አለች አስካለ። «ያለ እሱ ሚኒባስ ይኼ ሁሉ ሴት ከዚህ ከተማ እዚያ ድረስ በምን ይመጣል? ሽብሩ ካልነዳ አንመጣም።»

እንግዲህ ሽብሩ ካልነዳ ማኅበርተኛ አይመጣም፤ ማኅበርተኛ ካልመጣ ቀን አይያዝም፤ ቀን ካልተያዘ ደርቤ አይነሳም፤ ደርቤ ካልተነሳ ምንትዋብ ልጇን አታይም።

እታፈራሁ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሽብሩ ቤት ሄደች። ሚኒባሱን እያጠበ አገኘችው።

«እትዬ፣ መንዳቱን ጠልቼው አይደለም» አለ ሽብሩ። «የእድሩ ድንኳን በእኔ ኃላፊነት ነው። አቶ ገዝሙ ለልጃቸው ሠርግ ወስደው እስከ ዛሬ አላወረዱትም። ሞት እንደሆነ ቀን አይሰጥም። ድንኳኑን ጭኜ እድሩ ግቢ ሳላስገባ ከከተማ ብወጣ ዳኛው መች ይለቁኛል? ድንኳኑ ካልወረደ አልነዳም።»

ድንኳኑ ካልወረደ ሽብሩ አይነዳም፤ ሽብሩ ካልነዳ ማኅበርተኛ አይመጣም፤ ማኅበርተኛ ካልመጣ ቀን አይያዝም፤ ቀን ካልተያዘ ደርቤ አይነሳም፤ ደርቤ ካልተነሳ ምንትዋብ ልጇን አታይም። እታፈራሁ ይህን እያጉተመተመች ወደ አቶ ገዝሙ ግቢ አቀናች።

አቶ ገዝሙ ድንኳኑ ውስጥ፣ በመቶ ባዶ ወንበሮች መሀል ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

«ሙሽሮቹ መልስ ሳይበሉ ድንኳን ላውርድ?» አሉ። «አማቾቼ ምን ይሉኛል?»

«መልሱ መቼ ነው ታዲያ?»

«እማማ ድንቄ እሺ ሲሉ። ካልሠሩ አይበላም፤ ካልተበላ አይወርድም።»

ድንቄ ካልሠሩ መልስ አይበላም፤ መልስ ካልተበላ ድንኳን አይወርድም፤ ድንኳን ካልወረደ ሽብሩ አይነዳም፤ ሽብሩ ካልነዳ ማኅበርተኛ አይመጣም፤ ማኅበርተኛ ካልመጣ ቀን አይያዝም፤ ቀን ካልተያዘ ደርቤ አይነሳም፤ ደርቤ ካልተነሳ ምንትዋብ ልጇን አታይም። እታፈራሁ ትንፋሽ አጠራት፤ ከመንገዱ ይልቅ ቆጠራው ነው ያደከማት።

እማማ ድንቄ የሰፈሩ ወጥ ሠሪ ናቸው። ደጃፋቸው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ጠበቋት።

«አልሠራም» አሉ። «የሠርጉ ዕለት በሰው ድስት ሠርቼ ወጡ አረረብኝ። እንዲህ ያለ ጉድ ዕድሜ ልኬን ደርሶብኝ አያውቅም። ትልቁ ድስቴ ካልመጣ እሳት አላነድም።»

«የት ሄዶ ነው?»

«ሰው ጋ ነው።»

«ታዲያ አምጡልኝ አይሉም?»

«ያዋሱትን አምጡ ማለት ነውር ነው፣ ልጄ» አሉና መሬት መሬቱን አዩ።

እታፈራሁ ያን ጊዜ ክው አለች። ድስቱ የእሷው ጓዳ ውስጥ ነው። ልጇ ሲመረቅ ተውሳው ሁለት ፋሲካ አለፈ። ረስታው አልነበረም። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ሳህን ከሆነ ዳቦ፣ ትሪ ከሆነ ቆሎ ጣል ይደረግበታል። በግ የሚውጥ ድስት ግን በምን ይሞላል? የምትሞላበት እስክታገኝ ዛሬ ነገ ስትል ዓመት ሆነ፤ ዓመት ሲሆን ደግሞ እፍረቱ ከድስቱ በለጠ። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ጓዳ ገብታ ድስቱ ፊት ቆመች።

«ድስቱ ካልሞላ አይመለስም» አለች ለራሷ። «ካልተመለሰ ድንቄ አይሠሩም፤ ካልሠሩ መልስ አይበላም፤ ካልተበላ ድንኳን አይወርድም፤ ካልወረደ ሽብሩ አይነዳም፤ ካልነዳ ማኅበርተኛ አይመጣም፤ ካልመጣ ቀን አይያዝም፤ ካልተያዘ ደርቤ አይነሳም፤ ካልተነሳ እኚህ ሴት ልጃቸውን አያዩም። ሁሉን ያሰርኩት እኔው ነኝ።»

ምንትዋብ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«እትዬ እታፈራሁ፣ ይኼ ነው እንዴ ያስጨነቀዎት?» አለች። «ደርቤ እኮ ለሳምንት ብለን ስንወጣ የወር ስንቅ ነው የጫነው። የሦስቱ ቀን ድርሻ ለምን ሊሆነን ነው?»

የዓርቡ ሽሮ ገባ። የቅዳሜው ምስርና ድንች ገባ። የእሁዱ ሽንኩርት ሲያልፍ ያየው ደርቤ «ወዴት ነው የምትወስዱት?» ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ። ከተነሳ አይቀር የድስቱን አንድ ጆሮ አስያዙት።

ድስቱ ሞላ፤ ሞልቶም ተመለሰ። ድንቄ ክዳኑን ከፈት አድርገው አዩና እታፈራሁን ግንባሯን ሳሟት፤ ስለ ሁለቱ ፋሲካ አንድም ቃል አላነሱም። ሐሙስ ወጡ ተሠራ፤ መልሱ ተበላ፤ ድንኳኑ ወረደ፤ ሽብሩ ጫነ፤ ዓርብ በጠዋት ማኅበርተኛው እየዘፈነ መጣ፤ ቀኑ ተያዘ፤ ደርቤ ሞተሩን አስነሳ። እታፈራሁ በመኪናው መስኮት ለገንፎው የሚሆን ቅቤ በባለቀይ ክዳን ዕቃ አቀበለች። ከዚያ እስክሪብቶ አንስታ ወረቀቱ ላይ ጨመረችበት፦ «ከአራስ ጠያቂ በስተቀር።»

ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሳች በኋላ የደርቤ መኪና እንደገና መጣ። ምንትዋብ ወረደች፤ አንገቷን ደፍታለች።

«እትዬ፣ የቅቤው ዕቃ እኔ ጋ ቀረ» አለች። «የምሞላበት አጣሁና አፈርኩ።»

እታፈራሁ ሳቋ አመለጣት። እሷ ስትስቅ ምንትዋብ ከኋላ ወንበር ከተቀመጠችው ልጇ በነጭ ፎጣ የተጠቀለለችውን ሕፃን ተቀብላ ክንዷ ላይ አስቀመጠችላት።

«እስከዚያ ይቺን ይያዙልኝ።»

እታፈራሁም ሦስቱንም ቀን ልጅቱን ከክንዷ አላወረደቻትም።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አደራ፣ ባዶውን እንዳትመልሱት።