ለሁለት የሚገመድ ጅራፍ

አንድ ሰው ነበር፤ ደብረ ብርሃን የሚኖር፣ ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጥ፣ ዕድሜው ሃምሳን የተጠጋ። ስሙ ንጋቱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ሰፈርተኛው ለልጆቹ ምሳሌ የሚያደርገው ሰው ነው። ለምን መሰላችሁ? እናቱ ባረፉ በአርባኛው ቀን አባቱን አቶ ይመኑን ከገጠር አምጥቶ እቤቱ አስቀመጣቸው።

እንዴት አድርጎ አስቀመጣቸው? ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ሰጣቸው። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ሬዲዮ፣ ለጉልበታቸው ቅባት ገዛላቸው። አባት ሊነሱ ሲሉ «ይቀመጡ» ይባላሉ። ደጁን ልጥረግ ሲሉ «ኧረ ይተዉት» ይባላሉ። ውሃ እንኳ ልቅዳ ቢሉ ምራታቸው ሰናይት ቀድማ ትቀዳለች። አያችሁ እንክብካቤውን?

አቶ ይመኑ ግን እየቀነሱ ሄዱ። መጀመሪያ ጨዋታቸው ቀነሰ፣ ቀጥሎ ምግባቸው። ምሳ ሲቀርብላቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ፤ ሲነሣም «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። ንጋቱን የከነከነው ይህ ነው። አባት በልጁ ቤት እንደ እንግዳ ያመሰግናል እንዴ?

ነሐሴ ሲገባ ሰናይት ባሏን ለብቻው ጠርታ ነገረችው። አቶ ይመኑ ልብሳቸውን ሸክፈዋል፤ ቡሄ ካለፈ በኋላ ወደ እኅታቸው ቤት ሊሄዱ ነው። እኅታቸው ደግሞ ከእሳቸው የባሱ አሮጊት፣ አንድ እግራቸው የማይታዘዝላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። ማን ማንን ሊጦር ነው? ንጋቱ ምን ጎደለባቸው ብሎ ጠየቀ። ምንም አልጎደለባቸውም አለችው፤ «እዚህ ለምን እንደምቀመጥ አላውቅም» ነው ያሉት። ንጋቱ አዘነ። ያን ሁሉ አድርጎ እንዲህ መባሉ ትንሽ አስቆጣውም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ንጋቱ ነጋዴ አይደል፣ የሚያውቀውን አደረገ፤ ገዛ። ገበያ ወጥቶ የናይለን ጅራፍ ገዛላቸው። ልጅ ሳለ በየክረምቱ፣ ቡሄ ሲቃረብ፣ ከአባቱ ጋር ከቤታቸው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥተው ጅራፍ ያጮሁ ነበር። የአባቱ ጅራፍ ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። ያንን ላስታውሳቸው ብሎ ነው። አቶ ይመኑ ጅራፉን ተቀበሉ፣ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉና አልጋቸው ሥር አስቀመጡት።

በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ዝናቡ ጋብ ብሏል። ንጋቱ ቃጫ ፈልጎ አመጣና ሌላ ጅራፍ ራሱ ሊገምድ ግቢው ውስጥ ቆመ። አባቱን ላባብል ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ እልህ ይዞት ነው። የቃጫውን ጫፍ የግቢው በር ብረት ላይ አሰረና ማክረር ጀመረ። ሲያከርረው ይፈታል፣ ሲያከርረው ይፈታል። አባቱ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያያሉ። አንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለቴ ጠረጉ። ሰው የሚያውቀው ሥራ ዓይኑ እያየ ሲበላሽ እስከ መቼ ይችላል?

«አንተ ልጅ፣ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ነው እንዴ የምታከርረው?» አሉ።

ንጋቱ ቀና ብሎ አያቸው። «እንዴት ነበር አባባ? እኔ እኮ ጠፋብኝ» አላቸው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በስድስት ወር ውስጥ «ምን ላምጣልዎት» ብሎ ስንት ጊዜ እንደጠየቃቸው እግዚአብሔር ይወቀው። «ጠፋብኝ» ሲላቸው ግን የመጀመሪያው ነው።

አቶ ይመኑ ጋቢያቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው ወረዱ። ጫፉን ከበሩ ብረት ፈቱት። እያንዳንዱ የቃጫ ዘለላ ለየብቻው ወደ ቀኝ ይከርራል፣ ሲጋጠም ደግሞ ወደ ግራ ይገመዳል፤ ያኔ እርስ በርሱ ይያያዛል እንጂ አይፈታም ብለው አሳዩት። ከብረት ጋር አይገመድም አሉ። ቃጫው ሲከርር ያጥራል፤ ስለዚህ ወዲያኛውን ጫፍ የሚይዘው ሰው መሆን አለበት፣ ሲከርር ጠጋ የሚል፣ ሲላላ ሳብ የሚያደርግ። አባት አንዱን ጫፍ፣ ልጅ ሌላውን ይዘው ጭቃው መሐል ቆሙ። አባት ይቆጣሉ፣ ልጅ ይታዘዛል። ጣትህ የሱቅ ጣት ሆኗል አሉት። ሰናይት በመስኮት እያየች ሣቀች፤ አማቷ ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ዳር ወዳለው ሜዳ ወጡ። ንጋቱ ሦስት ጊዜ ሞክሮ በሦስተኛው የገዛ ጆሮውን ገረፈ። አቶ ይመኑ ጅራፉን ተቀበሉት። የመጀመሪያው ልፍስፍስ አለባቸው። ሁለተኛው ጮኸ። እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን ጮኸ፣ ከማዶም ሌላ ጅራፍ መለሰላቸው።

ሲመለሱ ንጋቱ ስለ እኅታቸው ቤት ሊጠይቅ ፈልጎ ፈራ። አባቱ ቀደሙት።

«ይኼ አጭር ነው» አሉ። «የከርሞውን ከሐምሌ ጀምረን ነው የምንገምደው። አንተ ብቻህን አትችለውም።»

ንጋቱ እያለቀሰ ነበር።

ምእመናን፣ ይህ ሰው ምን በደለ? አባቱን አላስራበም። አላሳረዘም። ክፉ አልተናገራቸውም። በደሉ አንድ ነው፤ አባቱን ከአባትነት ሥራ አሰናበታቸው። «ይቀመጡ» እያለ አሰናበታቸው። ደግነት እንዲህም አድርጎ ይበድላል።

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ሲያኖረው እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አደረገው? ሁሉን ብቻውን ማድረግ የሚችል አምላክ ለሰው የሚያበጀው አትክልት ሰጠው። ታዲያ እኛ ከማን ተምረን ነው እናቶቻችንን ከፀሐይ ፊት አስቀምጠን ጨርሰናል የምንለው? ብርድ ልብሱን ግዙ፤ አልከለከልኩም። ግን እናታችሁን እውነት ቸግሯችሁ፣ እውነት ሳታውቁ፣ አንድ ነገር የጠየቃችኋት መቼ ነው? አባታችሁ «አንተ ብቻህን አትችለውም» ካሏችሁ ስንት ዓመት ሆነ?

ዛሬ ቤት ስትገቡ «ምን ላምጣልዎት» የምትለዋን ቃል ለአንድ ቀን ተዉአት። የማታውቁትን ነገር ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡና «ይህ ጠፋብኝ፤ ያሳዩኝ» በሏቸው። ይቆጧችኋል። ጣታችሁን ይሰድቡባችኋል። ተሰደቡ። ወላጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች አጠገባችሁ ተቀምጠዋል፤ ያንን ስድብ አንድ ቀን እንደገና ለመስማት ምን እንደሚሰጡ ጠይቋቸው።